ያልነበረች ሴት ክርክር

ስንት ሰው እንደገደልኩ አልቆጠርኩም። በሬ ሰርቄአለሁ፣ የወንድሜን ድንበር ገፍቻለሁ፣ ሚስቴን ደብድቤአለሁ፣ በሐሰት ምዬ በማግስቱ አልቅሻለሁ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ሻሼን አስተካክዬ፣ አሰላ ችሎት ፊት ቆሜ፣ የመንግሥት ደመወዝ እየተከፈለኝ ነው። ሥራዬ የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ነበር። አስተርጓሚ ደግሞ «እሱ ገድያለሁ ይላል» አይልም፤ «ገድያለሁ» ነው የሚለው። ተናጋሪው «እኔ» ካለ እኔም «እኔ» እላለሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ስቀመጥ ጎረቤቶቼ «ዘይነብ፣ እፎይ አልሽ» ይሉኛል። እፎይታውስ መጥቷል። ግን አንዳንድ ቀን ሽንኩርት እየላጥሁ የማላውቀው ሰው የተናዘዘው ነገር ድንገት ከአፌ ይወጣል። ልጄ ከሳሎን ሆና «እማዬ፣ የማን ቃል ነው?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? ማን እንደነበረ እኔም አላስታውስም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ቱሴ ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸው። እሳቸው ሲጀምሩ ችሎቱ የሚሠራው በአማርኛ ነበር፤ አስተርጓሚ የሚፈልገው ገበሬው ነው። በኋላ ችሎቱ በኦሮምኛ ሆነና አስተርጓሚ ፈላጊው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው አስተማሪ፣ ነርስና ጸሐፊ ሆነ። ጋሽ ቱሴ ይስቁ ነበር፤ «ወንበሩ ዞረ እንጂ እኛ እዚያው ነን» ይሉ ነበር።

የጋሽ ቱሴ አሠራር እንደ ማንም አልነበረም። የተናጋሪውን ዓይን አያዩም። «ዓይን ያታልላል፤ ጉሮሮውን እይ። ቃል ሊመጣ ሲል ያስታውቃል፣ ሲያልቅም ያስታውቃል» ይሉኛል። ጉሮሮው እስኪያርፍ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ ሰውየው ካለቀሰበት ቦታ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይናገራሉ። የለቅሶ ድምፅ ግን አያወጡም፤ «ቃሉ የኔ ሥራ ነው፣ እንባው የራሱ ነው» ባይ ናቸው። ችሎቱ ሲያበቃ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ጓሮ ወዳለው ቧንቧ ይሄዱና ተጉመጥምጠው አጥሩ ሥር ይተፋሉ። «የሰው ቃል አፌ ውስጥ አያድርም» ይላሉ። እሳቸው የሚተፉበት ቦታ ሣር አይበቅልም ብሎ መዝገብ ቤቱ ሁሉ ያወራል። ሄጄ አየሁት፤ እውነትም አይበቅልም። በእርግጥ ሰው ሁሉ የሚረግጠው መንገድ ነው። ቢሆንም እኔ በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ዴራ ነው፤ ቆላና የከብት ክርክር። ከዚያ አርቦዬ። የደመወዙን ነገር ሆድ ይፍጀው። የወደቅሁት አርቦዬ ላይ ነው። አንድ ወጣት ጓደኛውን በጦር ገድሎ ቃሉን በኦሮምኛ ይሰጣል። የሟቹ እናት ኦሮምኛ አትሰማም፤ የልጇን አሟሟት የምትሰማው ከእኔ አፍ ብቻ ነው። ልጁ ተናገረ፣ ጉሮሮው አረፈ፣ እኔም ቀጠልኩ፦ «እናቴን ጥሩልኝ አለኝ፤ እኔ ግን ደገምኩት።» እናትየዋ ቀስ ብላ ዞረች። ገዳዩን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። «አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

አፌ ተሳሰረ። ዳኛው ቢጠብቁ፣ ቢቆጡ፣ ውሃ ቢያስመጡልኝ አንድ ቃል አልወጣኝም። ችሎቱ ተበተነ፤ እኔም ወደ አሰላ ተመልሼ ሥራውን ልተወው ቆረጥኩ። ጋሽ ቱሴ አልተቆጡኝም። «ለሷ አንቺ ነበርሽ» አሉኝ። «ሴትዮዋ አልዋሸችም። የነገራት ድምፅ ያንቺ ነው። ተመለሺና ጨርሺው፤ ጅምር ቃል ክፉ ነው።» ተመለስኩና ጨረስኩት። እናትየዋ እስከ መጨረሻው ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። በኋላም ገበያ ላይ ባየችኝ ቁጥር መንገድ ትሻገር ነበር፤ እኔም አልፈረድኩባትም።

ይህን ያመጣሁት ለመምህር አስፋው ጉዳይ መንገድ እንዲጠርግልኝ ነው። ጡረታ ልወጣ ስል የመጣ የመጨረሻው ትልቅ ጉዳይ እሱ ነው።

መምህር አስፋው በወጣትነታቸው ከጎጃም ተመድበው መጥተው ከበቆጂ በላይ ያለ ትምህርት ቤት አማርኛ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ያን ሁሉ ዘመን ኖረውም ኦሮምኛቸው ከሰላምታ አላለፈም፤ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ነው የሚሰናበቱት። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም። ያላቸው አንድ መጽሐፍ ነው፤ «ብቻዋን የወጣች» የሚል ልብ ወለድ።

ታሪኩ የኦብሴ ነው። ኦብሴ የአርሲ ሴት ናት። አርሲ ውስጥ ሴት ስትዳር እናቷ ሲንቄ የሚባል ቀጭን በትር ትሰጣታለች። ባሏ ከበደላት ሲንቄዋን ይዛ ከቤት ወጥታ እልል ትላለች። እልልታው የደስታ አይደለም። ያን የሰማች ሴት ሁሉ ድስቷን እሳት ላይ፣ ልጇን መሬት ላይ ትታ ሲንቄዋን ይዛ ትከተላታለች። ተሰብስበው ሜዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ በዳዩ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆ ካሳ ሳይሰጥ ቤታቸው አይመለሱም። ሼኾቻችን ነገሩን ብዙም አይወዱትም፤ ሴቶቹም የሼኾቹን ፊት አይተው አይተዉትም። በመምህሩ መጽሐፍ ግን ኦብሴ ወጣች፣ እልል አለች፣ አንዲትም ሴት አልተነሳችም። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ጉም ወረደ። ጉሙ ሲገለጥ በትሯ ብቻ ተገኘ። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

ይህ ከታተመ ሃያ ዓመት ግድም ሲሆነው አቶ ፍሬው የሚባል ሰው ከአዳማ በሚያብረቀርቅ ሽፋን «እውነተኛ ታሪክ» ብሎ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ኦብሴ አለች፤ ድንጋዩ አለ፤ ጉሙም አለ። መምህር አስፋው ከሰሱ። ሁለቱን መጽሐፎች ለችሎቱ በኦሮምኛ እያነበብኩ ሳሰማ ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ «ወይዘሮ ዘይነብ፣ ያንኑ ገጽ ደገሙት እኮ» አለችኝ። አልደገምኩም፤ ሁለተኛውን መጽሐፍ ነበር የያዝኩት።

አቶ ፍሬው ግን አልደነገጠም። «ይህ የሕዝብ ታሪክ ነው» አለ። «እኔም ከሽማግሌዎች ሰማሁ፣ እሳቸውም ከሽማግሌዎች ሰምተዋል። የሕዝብ ታሪክ ባለቤት የለውም። ማስረጃም አለኝ።» ፎቶግራፍ አወጣ። ከበቆጂ በላይ፣ የገብሱ ማሳ አልቆ አስታ ቁጥቋጦው በሚጀምርበት ዳገት ላይ፣ የድንጋይ ክምር ይታያል። አናቱ ላይ በትሮች ተሰክተዋል። «የኦብሴ መቃብር ነው» አለ።

መምህር አስፋው ፎቶውን ይዘው ቆሙ። «ይህ ሊሆን አይችልም» አሉኝ ዳኛውን ሳይሆን እኔን። «እኔ እኮ ነኝ የፈጠርኳት።»

ፍርድ ቤቱ ቦታውን ሊያይ ወጣ። ከአሰላ ማልደን ተነስተን በቆጂን አልፈን መኪናው የማይወጣውን በእግር ወጣን። ጭጋጉ ቀድሞን ደርሷል። ከክምሩ ጀርባ ሴቶች በመደዳ ተቀምጠዋል፤ አርባም ሃምሳም ይሆናሉ፤ ጉሙ ውስጥ የገባውን መቁጠር አይቻልም። ሲንቄያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ማንም አልጠራቸውም። አንዷም አላወራችም። ይህን ያህል ሴት ተሰብስቦ ዝም ሲል በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ መሰከሩ። አዎ፣ ይህ የኦብሴ መቃብር ነው። ሚስቶቻችን ሲያልፉ ድንጋይ ይጥላሉ፣ ያለቅሳሉ። ስትቀበር አይታችኋል? አላየንም፤ በአባቶቻችን ጊዜ ይሆናል። ሴት ያለ ሬሳ አታለቅስም። አቶ ፍሬው ፊቱ አበራ።

ዳኛው ወደ መምህሩ ዞሩ። «ሕዝቡ የሚያውቃት ሴት ከሆነች፣ መጽሐፉ የእርስዎ የሚሆነው በምንድን ነው?» አሉ። ተረጎምኩላቸው። መምህር አስፋው ያን ቀን በቁጣ ቀሉ። ዝምተኛው ሰውዬ ጮኹ፦

«እኔ ነኝ ያመጣኋት! ድንጋዩ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ! ስትጮህ አንዲት ሴት እንኳ እንዳትሰማት ያደረግሁ እኔ ነኝ! ጉሙን ያወረድኩባት እኔ ነኝ! ከእኔ በቀር ማንም የለም!»

ጉሮሯቸው እስኪያርፍ ጠበቅሁ። ከዚያ ወደ ኦሮምኛ መለስኩት፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ «እኔ ነኝ» እያልኩ። ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ፣ ነፋስ ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ ነው ያደረግሁት የገባኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለዳኛው የባለቤትነት ማስረጃ ነው ያቀረብኩት፤ ለነዚያ ሴቶች ግን ለዓመታት ሲጠብቁት የነበረውን የበዳዩን ቃል ነበር። የማውቃቸው ሰዎች እስከ ዛሬ «ምናለ ብታለሳልሺው» ይሉኛል። አላለሳልስም። የተናገሩትን ነው የተናገርኩት።

ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ተነሱ። እልልታው ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ፣ ወደ ጉሙ ውስጥ ሄደ፤ ከማናያቸውም መጣ። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ጎን ሸሹ። ዳኛው የተማሩ ሰው ናቸው፣ የአርሲም ልጅ ናቸው፤ ብዕራቸውን ኪሳቸው ከትተው ቆሙ።

ከመካከላቸው አዴ ሹሬ የሚባሉ አሮጊት ወደ ፊት መጡ። ዳኛው ጠየቋቸው፤ «እማማ፣ ኦብሴን የሰማችኋት ከማን ነው?»

«ከልጄ» አሉ አዴ ሹሬ። «እዚህ መምህር ዘንድ ትማር ነበር። መጽሐፉን እቤት አምጥታ በኛ ቋንቋ እየመለሰች አነበበችልን።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት አናውቃትም።»

«ታዲያ መቃብሩ ውስጥ ማን አለ?»

«ማንም።»

አቶ ፍሬው ፊቱ ጠቆረ። ዳኛው ቀጠሉ፤ «ሰው ከሌለበት ድንጋዩን ለምን ከመራችሁ?»

«ጮኻ ማንም አልተነሳላትማ!» አሉ አዴ ሹሬ፣ ልጅ የሆነ ነገር የጠየቃቸው ይመስል። «ይህ ነውር የሆነው በእናንተ አገር ነው ተብሎ ተነበበልን። እኛ ደግሞ ሰማን። የሰማች ሴት ካልተነሳች ምኗ ሴት ነው? ወጣን። ቤቷን አናውቅም፣ በዳዩንም አናውቅም። ስለዚህ ያለፈች ሁሉ ድንጋይ እየጣለች ‹መጣሁልሽ› ትላታለች። ለወንዶቹ አልነገርናቸውም። አሁን በዳዩ ተገኘ።» በበትራቸው መምህር አስፋውን አመለከቱ። «እኔ ነኝ አለ። ሁላችሁም ሰምታችኋል።»

መምህር አስፋው ክንዴን ያዙ። «ምን እያሉ ነው?» ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙ መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ክሱን አሸንፈዋልና። ቀጥሎ ሴቶቹን አዩ።

አቶ ፍሬው ጠጋ ብሎ በአማርኛ ሹክ አላቸው፤ «መምህር፣ ‹የሕዝብ ታሪክ ነው› ይበሉና ይተዉዎት። እነዚህን አያውቋቸውም። በርዎ ላይ ነው የሚያረጁት።» ዳኛውም ቢሆኑ በጨዋ አነጋገር ያንኑ አሉ፦ «ቃልዎ ገና አልተመዘገበም። ማስተካከል ይችላሉ።» ተረጎምኩላቸው።

ሰውየው ዞረው ክምሩን አዩ። አንድ መጽሐፍ ብቻ ያለው ሰው ነው፤ ከካደው ባዶ እጁን ይቀራል። ካልካደው ደግሞ አንዲትን ሴት ብርድ ላይ ጥሎ ሃያ ዓመት የተኛ ሰው ይሆናል። «ይመዝገብ» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ፍርዱ ለመምህሩ ሆነ። የአቶ ፍሬው መጽሐፍ ከየሱቁ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። እኔም ብዙ ሳልቆይ ኬክ ተቆርሶልኝ፣ ጋቢ ለብሼ፣ የማይሠራ የግድግዳ ሰዓት ተሸልሜ ጡረታ ወጣሁ።

አንድ ጠዋት መምህር አስፋው ቤቴ መጡ። ሰውነታቸው ከስቷል። ሴቶቹ በየገበያው ቀን ተራ እየገቡ በራቸው ላይ ይቀመጣሉ አሉኝ። አይሳደቡም፣ አይለምኑም። ሲንቄያቸውን አጋድመው ተቀምጠው ማታ ይነሳሉ። ጊደር ገዝተው ወሰዱላቸው፤ መለሱት። «ካሳ አንፈልግም፤ ከዚያ አንስተህ ቤቷ አግባት» አሏቸው።

«ታዲያ ይጻፉዋ» አልኳቸው። «መጽሐፉ የእርስዎ ነው ተብሎ ተፈርዷል። ሴቶቹ መጡላት፣ ገባች ብለው ይጨርሱት።»

«ጻፍኩት» አሉ። «ስንቴ ጻፍኩት። ሴቶቹን አመጣለሁ፣ ባሏን አንበረክካለሁ፣ ጉሙን እገልጣለሁ። እሷ ግን አትነሳም። እጇን ይዤ ላስነሳት ስል ዓረፍተ ነገሩ ይቆምብኛል። ከእኔ ጋር ይውጡልኝ ወይዘሮ ዘይነብ። ያስተርጉሙልኝ።»

«ለሴቶቹ?»

«ለሷ። የጻፍኳት በአማርኛ ነው፤ አማርኛ ግን አትችልም።»

ሳቄ መጣ። ፊታቸውን ሳየው ሳቄ ጠፋ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብዬ ሹራቤን ደረብኩ። ለምን እንደሄድኩ ብትጠይቁኝ፣ ፈርቼም ነበር፣ አዝኜላቸውም ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

ስንደርስ ገና ከሰዓት ነበር፤ ጭጋጉ ግን ዳገቱን አልብሶታል። አዴ ሹሬና ሴቶቹ ተቀምጠዋል፤ ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም። መምህር አስፋው ኮፍያቸውን አውልቀው ክምሩ ፊት ቆሙ። እኔ በመካከል፣ ትንሽ ወደ ጎን፤ ችሎት እንደምቆመው።

«ኦብሴ» አሉ። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኩሽ። ሴቶቹ እንዳይሰሙሽ ያደረግሁት መጽሐፉ እንዲያምርልኝ ብዬ ነው። ሰው እንዲያለቅስልኝ ፈልጌ ነው። ብርዱን አላሰብኩትም። ይቅር በይኝ።»

ወደ ድንጋዩ ዞሬ በኦሮምኛ ተናገርኩት። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኩሽ» ስል ከጀርባዬ አንዲት ሴት ስታቃስት ሰማሁ። ሁሉንም ጨረስኩ፤ ብርዱን፣ ይቅርታውን። ከዚያ እንደ ልማዴ መልስ ጠበቅሁ። በትሮቹ ላይ ጤዛው ይንጠባጠባል። መምህሩ ፊቴን ፊቴን ያያሉ።

«ምን አለች?» አሉኝ።

«ምንም አላለችም» ልላቸው ነበር። እምላለሁ፣ ያንን ልናገር ነበር አፌን የከፈትኩት።

«በርዶኛል፤ ወደ ቤት ውሰዱኝ» አልኩ።

አዴ ሹሬ አማርኛ አይሰሙም። እኔም ገና አልተረጎምኩላቸውም። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ከክምሩ አናት አንዱን በትር ነቀሉና ነጠላቸውን ገልጠው አንድ ሰው የሚያህል ቦታ አዘጋጁ። ሴቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ዳገቱን መውረድ ጀመሩ። ከመካከላቸው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ትተዋል፤ መንገዱ ሲጠብ እንኳ ያንን ክፍተት አልዘጉትም። መምህር አስፋው እያለቀሱ ከኋላ ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ በራቸው ላይ የተቀመጠ የለም።

ቃሉ ከእኔ አፍ እንደወጣ አውቃለሁ። በየትኛው ቋንቋ እንደሰማሁት ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።